አንዲት ሸክላና አንድ የምስር ቆርቆሮ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ዘጌ

ይህን የምታነቡት ስለ ፏፏቴውና ስለ ዘንባባው ልትሰሙ ከሆነ ከአሁኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፏፏቴውን አላየሁትም። ዘንባባውን አይቼዋለሁ፤ ዘንባባ ነው። ባሕር ዳር የሄድኩት ከሻይ ሳህን ጥቂት የምትሰፋ አንዲት ሸክላ ፍለጋ ነው። ሄጄም ተሰድቤ፣ ዓሣ በልቼ፣ አምስት ኪሎ ድንች ተሸክሜ ዞሬ ተመለስኩ። ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ ለሌላችሁ ሰዎች የምነግራችሁም ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። ቀን ቀን መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ሰው የጣላቸውን የድሮ የዳንስ ዘፈን ሸክላዎች እሰበስባለሁ፤ አጥባለሁ፤ እያጫወትኩ ወደ ኮምፒውተር እቀዳለሁ፤ ከተቀዱ በኋላ ጭርጭርታቸውን አጸዳና ቴሌግራም ላይ በነጻ እለቃቸዋለሁ። ባለቤቴ ሠናይት «ሸክላ ያጥባል፤ ሳህን ግን አይቶ አያውቅም» ትላለች። ተከታዮቼ «የሸክላ ሐኪም» ይሉኛል። እኔም «ኧረ አይገባኝም» እያልኩ ስሙን ቻናሌ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው መርካቶ አንድ አሮጌ ዕቃ ቤት ውስጥ በፊትና በጀርባዋ ሁለት ዘፈን የያዘች ሸክላ ያገኘሁ ጊዜ ነው። የተጫወተውን የሙዚቃ ባንድ የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ዘፋኙም ከዚያች ሌላ ያወጣ አይመስለኝም። የፊቱን ዘፈን ቀዳሁ፤ አጸዳሁ፤ ለቀቅኩ። ሕዝቡ ወደደው፤ ሰርግ ቤት ሁሉ ተጨፈረበት አሉኝ። የጀርባውን ዘፈን ከመቅዳቴ በፊት ግን ደኅና አድርጌ ልጠባት አልኩና አጠብኳት። አጥቤም በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ እንደ በርበሬ አሰጣኋት። ከሰዓት ስመለስ ጠርዟ ተቆልምሞ የቆሎ ሳህን መስላ ጠበቀችኝ። «ሸክላ ፀሐይ አታሳዩ» እያልኩ ሰው ስመክር የኖርኩት እኔው ነኝ። የፊቱን ዘፈን ያልጸዳ ቅጂ ደግሞ ኮምፒውተሬ ሲሞላብኝ አጥፍቼው ነበር። ስለዚህ ለዓለም የተረፈው እኔ ያጸዳሁት አንድ ዘፈን ብቻ ሆነ። ሁለተኛው ምን እንደሚመስል ሳልሰማው በእጄ ገደልኩት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቆጨኝ ከቆየ በኋላ ከባሕር ዳር አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። ሐያት ትባላለች፤ የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ተማሪ ናት። «አያቴ ያቺን ሸክላ ታውቃታለች። ያልተነካች አንድ አለች። ግን መጀመሪያ እርስዎን በአካል ማየት ትፈልጋለች» ይላል መልእክቷ። አሮጊቷ ሊያመሰግኑኝ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ምናልባት ሸማ ያለብሱኝ ይሆናል። አጭር የምስጋና ንግግር ጽፌ ኪሴ ከተትኩ።

የመጀመሪያው ቀን

አውቶቡሱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል ተብሎ አሥራ ሁለት ከሩብ ላይ ተነሳ፤ በአዲስ አበባ ልማድ ይህ በሰዓቱ ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የሸክላ ማጫወቻዬን በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌያለሁ። በላዩ ለስጦታ የያዝኳቸው ሦስት ሸክላዎች አሉ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ይጫን አለ፤ እኔ አይጫንም አልኩ። በመጨረሻ «በቃ ልጁን እንዳቀፈ ይሂድ» ብሎ ተወኝ፤ ተሳፋሪውም ሳቀ። ደጀን እስክንደርስ ድረስ ስሜ «ባለ ልጁ» ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት አቶ ደሴ የመራዊ ሰው ናቸው። ቆጋ መስኖ ላይ ድንች ያለማሉ። አዲስ አበባ ልጃቸውን ጠይቀው እየተመለሱ ነበር። ዓባይ በረሃን መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ በመስኮት ገባ። እኔ ደግሞ አንዴ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ፤ ጃንጥላዬን አውቶቡሱ ውስጥ ዘርግቼ ሸክላዎቹን አጠለልኩ፤ በጋዜጣም አራግብላቸው ጀመር።

«ወንድምዓለም፣ እንቁላል ነው ወይ የያዝኸው?» አሉኝ አቶ ደሴ።

«ዘፈን ነው። ሙቀት ይጎዳዋል።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው የደጋ ዘፈን ነው» አሉና ጃንጥላውን ተቀብለው እስከ ድልድዩ ድረስ ያዙልኝ። ክንዳቸው ሲዝል ወደ ሌላው እጅ ያዛውሩታል እንጂ አልመለሱልኝም።

ከድልድዩ ማዶ ፍተሻ ነበር። ወረድን። ፈታሹ ጋቢውን ገልጦ ማጫወቻውን ሲያይ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ አላመነኝም፤ «አጫውተው» አለኝ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ከስጦታዎቹ አንዱን አጫወትኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ክብ ሠርቶ ቆመ። ፈታሹ ዘፈኑን እስከ ግማሽ በትዕግሥት ሰማና «ይህ ዘፈን ስልክህ ላይ የለም?» አለኝ።

«አለ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ምን አሸከመህ?»

ሠናይት አሥር ዓመት የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው፤ ማጫወቻውን በጋቢው መልሼ ጠቀለልኩት።

ምሳ ደብረ ማርቆስ በላን። ሽሮ አዘዝኩ፤ ሽሮው እየተንተከተከ መጣ። ገና ሳልጨርስ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሁለተኛ እንጀራ ጣለችልኝ፤ በቃኝ ብል «ምኑን በላኸውና!» ብላ ተቆጣችኝ። አዲስ አበባ ተጨማሪ እንጀራ ስትጠይቅ አስተናጋጁ እንደ ዕርዳታ ፈላጊ ነው የሚያይህ። እዚህ ደግሞ ባለመብላትህ ትከሰሳለህ። በልቼ አውቶቡስ ስገባ ቀበቶዬን ፈታሁ።

ኮሶበር ላይ ብርድ ሆነና ጋቢውን ከማጫወቻው ላይ አንስቼ ራሴ ለበስኩት። መራዊ ስንደርስ አቶ ደሴ ወረዱ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ግን በመስኮቱ በኩል አንድ ጆንያ ወደ ጭኔ ገባ። ድንች ነው፤ አምስት ኪሎ ይሆናል።

«ሰው ቤት ልትገባ አይደል? ባዶ እጅህን ልትሄድ?»

«ባዶ እጄን አይደለሁም። ሦስት ሸክላ ይዣለሁ» አልኳቸው።

«ዘፈን አይቀቀልም» አሉኝ። አውቶቡሱ ሄደ፤ ድንቹ ቀረ።

ባሕር ዳር ያረፍኩት ፔዳ አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ነው። ወዳጄ «ሐይቁ ይታየዋል» ብሎ ነበር የጠቆመኝ። እውነቱን ነው፤ ይታየዋል። ጣሪያው ላይ ወጥተህ፣ በሁለቱ የውኃ ታንከሮች መካከል አንገትህን አስግገህ፣ የተሰጣው አንሶላ ነፋስ ሲያነሳው ጠብቀህ ካየህ፣ ሰማያዊ ነገር አለ። ሻወሩ ላይ ውኃ አልነበረም። አዲስ አበባም እንዲሁ ነው፤ ግን እዚያ ሐይቅ አጠገብ አይደለንምና ያን ያህል አያናድድም።

ሁለተኛው ቀን

ሐያት በባጃጅ መጣችና ወደ ገበያው በኩል ወሰደችኝ። አባቷ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ በዚያ ሰሞን ወረታ ሱቁ ላይ ነበር። ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና አያቷ እትዬ ዘይነብ ናቸው። እትዬ ዘይነብ ሰባ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሻሻቸውን በልካቸው ያሰሩ ሴት ናቸው። ድንቹን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ። እኔን ሲያዩ ተመልሶ ጠበቀ።

«እንደምን አደርህ? ተቀመጥ።»

እጄን ወደ ኪሴ፣ ወደ ንግግሬ ሰደድኩ።

«ቆይ። መጀመሪያ ይህን ስማ» አሉና ለሐያት ምልክት ሰጡ። እሷም ስልኳን ከፍታ እኔ የለቀቅኩትን ዘፈን አሰማች። ንጹሕ ዝምታ፣ ከዚያ ሳክስፎኑ ገባ።

«አቁሚው። ከሳክስፎኑ በፊት ምን ትሰማለህ?»

«ምንም» አልኩ በኩራት። «እሱን እኔ ነኝ ያጸዳሁት።»

«ምን ነበር ያጸዳኸው?»

«ጭርጭርታ። ሽ፣ ሽ የሚል፤ ያረጀ ሸክላ የሚያወጣው ድምፅ።»

ተነሡ። ጓዳ ገብተው አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። ጆሮዬ አጠገብ አምጥተው ነቀነቁት። ውስጡ ምስር አለ። ሽ፣ ሽ። ሽ፣ ሽ።

«ይህንን ነው ወይ?»

 እዚህ ላይ የሙያችንን ምስጢር ልንገራችሁ። ሸክላ የሚያጸዳው ፕሮግራም በራሱ አያውቅም፤ ታስተምረዋለህ። ዘፈኑ ሳይጀምር ያለውን ባዶ ጭርጭርታ ለናሙና ትሰጠዋለህ፤ እሱም ያንን የመሰለ ድምፅ ሁሉ ከዘፈኑ ውስጥ እየለቀመ ያወጣል። እኔም ከሳክስፎኑ በፊት ያለችውን ሁለት ሰከንድ ለናሙና ሰጠሁት። ያቺ ሁለት ሰከንድ ባዶ አልነበረችም፤ እትዬ ዘይነብ ነበሩ። ሴትዮዋን አሳይቼ ‹ይህችን የመሰለ ነገር ባገኘህበት ሁሉ አጥፋ› ብዬዋለሁ። ማሽኑ ታዛዥ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጠፋቸው።

ታሪካቸውን ነገሩኝ። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ አዲስ አበባ አክስታቸው ዘንድ ከርመው ነበር። ባንዱ የሚለማመድበት አዳራሽ ከአክስታቸው ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሸክላዋ በምትቀዳበት ቀን ሻኩራ የሚነቀንቀው ሰውዬ ተጣልቶ ሄደ። እሳቸው ሻይ ይዘው ሲገቡ መሪው «ነይ አንቺ፣ እጅሽ ቀጥ ያለ ነው» አላቸው። ከአክስታቸው ጓዳ ቆርቆሮና ምስር አመጡ። ለድካማቸውም አንድ ሸክላ ሰጧቸው።

«የዘፋኙ ስም ተጽፎበታል። የባንዱም ተጽፎበታል። የኔ አልተጻፈም፤ አላስከፋኝም፤ እኔ ውስጡ ነበርሁ። ወላሂ፣ ለልጆቼ ስንት ዓመት ሙሉ አወራሁት። ሐያት አገኘሁት ስትል ቤተሰቡን ሁሉ ሰበሰብሁ፤ ልጄ ከወረታ መጣ። ተከፈተ። ሳክስፎኑ ገባ። ‹እማ፣ ቆርቆሮሽ የታለ?› አሉኝ። እስኪያልቅ ጠበቅሁ። የለም። ልጄ ሳቀ። ‹ዕድሜ ነው፣ ይቀላቀላል› አለ።» ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «አንተ ሰውዬ በቤቴ ውሸታም አደረግኸኝ።»

ሐያት መሬት መሬቱን ታያለች። እሷም ስቃ እንደነበር ገባኝ። ንግግሩን ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት።

«ሁለተኛውን ዘፈን መቅዳት ትፈልጋለህ አሉ።»

«አዎ፣ እትዬ ዘይነብ።»

«ትቀዳለህ። መጀመሪያ ግን እኔን ወዳወጣህበት ትመልሰኛለህ። ካልሆነ እንዳማረህ ይቅር።»

የተስማማነው በዚህ ነው። ከዚያ ፊታቸው እንዴት እንደተለወጠ አላውቅም፤ ምሳ ቀረበ። በሳህኑ ላይ ሁለት ትልልቅ ቀረሶ ዓሣዎች ተጠብሰው ተጋድመዋል፤ የአቶ ደሴ ድንች ከጎናቸው ተቀቅሎ ቀርቧል። «ሥጋችን ለአንተ አይሆንም፤ ያንተም ለእኛ። ዓሣ ግን የሁሉም ነው» አሉና አጥንቱን እያወጡ አጎረሱኝ። ቅድም ቆርቆሮውን የነቀነቁብኝ እጆች ናቸው። አዲስ አበባ ሰው ከተቆጣህ ቢያንስ ምሳህን ለብቻህ ትበላለህ። እዚህ እያጎረሱ ነው የሚቀጡህ፤ አጥንት ይውጋኝ ይሆን እያልኩ ስጠብቅ ምንም አጥንት አላገኘሁበትም።

«ሸክላዋስ የት ናት?» አልኩ በመጨረሻ።

«ዘጌ። አንዲት መነኩሴ ሣጥን ውስጥ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ማንም አልሳቀም።

ሦስተኛው ቀን

በማለዳ ሦስታችን የሞተር ጀልባ ተሳፈርን። እትዬ ዘይነብ ቆርቆሯቸውን በዘንቢል ይዘዋል። እኔ ማጫወቻዬን አቅፌያለሁ። ሐይቁ ጸጥ ያለ ስለነበረ ስለ ውበቱ አንድ አንቀጽ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ግን ባለ ጀልባው የሰጠኝ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ዚፑ አልዘጋ ብሎ መንገዱን ሁሉ ከሱ ጋር ስታገል ደረስን።

እትዬ ዘይነብ በመንገድ ላይ የመነኩሴዋን ነገር አስረዱኝ። እማሆይ አጸደ የልጅነት ጎረቤታቸው ናቸው። ዘይነብ ሲያገቡ ባላቸው ደግ ሰው ነበሩ፤ ዘፈን የሚባል ነገር ግን ቤታቸው እንዲገባ አይወዱም። ሸክላዋን መጣል ግን አንጀታቸው አልቻለም። በጨርቅ ጠቅልለው ለአጸደ «አደራ፣ ያዥልኝ» አሏቸው። አጸደ አገቡ፣ ወለዱ፣ ባል ሞተባቸው፣ መነኮሱ፣ ዘጌ ገቡ፤ ሣጥኑም አብሮ ገባ።

«ባልዎ ካረፉ በኋላስ ለምን አልወሰዷትም?»

«ማጫወቻ የለኝ። ምን ላደርጋት? ድስት ልክደንባት?»

ወደቡ ላይ አንድ አስጎብኚ ተቀበለን። ማጫወቻዬን አይቶ ፊልም ሠሪ መሰልኩት መሰለኝ፣ የገዳማቱን ታሪክ ያለ ትንፋሽ ጀመረልኝ። መዳፍ የሚያህሉ የታንኳ ቅርጾችም አሳየኝ። አንዲት መነኩሴ ቤት ለሸክላ እንደምንሄድ ብነግረው «እዚያ የሚታይ ነገር የለም» አለና በሐዘን ተለየን።

እማሆይ አጸደ ከገዳሙ በታች፣ በቡናው ጥላ ሥር አንዲት ጎጆ አለቻቸው። ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ መቁጠር አቅቶኝ ተውኩት። ሣጥኑ ተከፈተ። ዳዊቱ ተነሣ፤ ሁለት የታጠፉ ነጠላዎች ተነሡ፤ በመካከላቸው ጨርቋ ተፈታች።

ሸክላዋ እንደ አዲስ ናት። ጭረት የለባትም። አቧራ የለባትም። ጠፍጣፋ፣ ቀዝቃዛ፣ ጨለማ ቦታ፣ ምንም የማይጫንባት፣ ማንም የማይነካት፤ እኔ ቻናሌ ላይ ለሰው የምሰብከው ሁሉ ተፈጽሞላታል። መነኩሴዋ ደግሞ የቴሌግራም ቻናል የላቸውም።

«እማሆይ፣ ምን እንደሆነች ያውቁ ነበር?»

«ኧረ እኔ አላውቅም።»

«ይህን ሁሉ ዘመን አልጠየቋቸውም?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «አደራ ይጠየቃል ወይ? ይያዛል እንጂ።»

የዳንስ ዘፈን መሆኗን እትዬ ዘይነብ ሲነግሯቸው አማተቡ። ከዳዊት ሥር የኖረች ናትና ትንሽ ተጨነቁ። ውጡ አላሉንም፤ ራሳቸውም አልወጡም። ወደ ግድግዳው ዞሩና «እኔ ፊቴን ካዞርሁ አልሰማሁም፤ ሥራችሁን ሥሩ» አሉ።

ማጫወቻውን መደቡ ላይ አስቀመጥኩ። መቅጃዬን አገናኘሁ።  ግን እትዬ ዘይነብ የምስሩን ነገር ተሳስተው ቢሆንስ? ባንዱ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀድቶት ቢሆንስ? ቆርቆሮው ከሌለ አሮጊቷ ሁለት ጊዜ ውሸታም ሊሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በልጅ ልጃቸው ፊት። መርፌዋን አወረድኩ።

ሽ፣ ሽ። ሽ፣ ሽ።

ሳክስፎኑ ገባ፤ ቆርቆሮው ከሥሩ ቀጠለ፤ ጥርት ብሎ፣ እንደ ወጣት እርምጃ። እኔ ‹አጥርቼዋለሁ› ያልኩት ዘፈን ከዚህኛው ጋር ሲነጻጸር አጥንቱ የወጣ ነበር፤ ዳንስ ተብሎ ወገብ የሌለው። ሐያት አፏን በእጇ ያዘች። «እማ!» አለች፤ «እማ፣ አንቺ ነሽ!» ወዲያው ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች፤ ለአባቷ ወረታ ልትልክለት ነው። እትዬ ዘይነብ አላለቀሱም። አገጫቸውን ቀና አድርገው ግድግዳውን ያያሉ። ልጃቸው እዚያ ግድግዳ ላይ የተቀመጠ ይመስል «ዕድሜ ነው?» አሉት።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ ግን አንድ ነገር ሆነ። ቆርቆሮው ፈጠነ። ከበሮው አንድ ቦታ፣ ምስሩ ሌላ ቦታ። አራት፣ አምስት ምት ያህል ብቻውን ቀድሞ ሄደ፤ ከዚያ ቆመ፤ ግራ ገባው፤ ተመልሶ ተቀላቀለ። እኔ ወደ መቅጃዬ አጎነበስኩ። 

«ዘይነቡ» አሉ እማሆይ አጸደ ከግድግዳው ሳይዞሩ። «እዚህ ጋ ቀድመሽ ሄድሽ።»

«አልሰማሁም አላልሽም?»

«አልሰማሁም። ማሕሌት ላይ ጸናጽል እንዲህ ቢመታ ግን መሪጌታው ያስወጡት ነበር።»

እትዬ ዘይነብ ወደ እኔ ዞሩ። «ድገመው።»

ደገምኩት። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ምስሩ እንደገና ቀድሞ ሄደ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የፊቱ እንዳለቀ መሪው ቆርቆሮውን ከእጄ ወሰደው» አሉ በዝግታ። «‹በቃ፣ ሂጂ ልጄ› አለኝ። በጀርባው ዘፈን የለሁበትም። ለምን እንደቀማኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሴት ስለሆንሁ ነው እል ነበር። ሻሼን አይቶ ነው እል ነበር። የነጋዴ ልጅ ስለሆንሁ ንቆኝ ነው እል ነበር። ስንት ዓመት ያን ሰውዬ ተቀየምሁት።» ሳቅ ቀደማቸው፤ ከሳቁ ጋር ግን ዓይናቸው ሞላ። «ለካ ስቼ ነው!»

እኔም አዘንኩላቸው። ልቤ ተነካ። እኔ ልቤ ሲነካ ደግሞ ሙያዬን ማሳየት አለብኝ፤ ይህ የኔ በሽታ ነው። ኮምፒውተሬን ከፈትኩና እንዲህ አልኩ፦ «እትዬ ዘይነብ፣ ምንም አያስቡ። እነዚያን አምስት ምቶች ብቻ ነጥዬ ወደ ቦታቸው እመልሳቸዋለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከከበሮው ጋር ልክ ይገጥማሉ፤ ማንም ሰው እንደሳቱ አያውቅም።»

እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆሙ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ አጠፋኸኝ። አሁን ደግሞ ልታርመኝ ነው?»

ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። እማሆይ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የጀርባውንም ዘፈን ቀዳሁ። ሁለት ዓመት እንቅልፍ የነሳኝ ዘፈን ነው። ደኅና ዘፈን ነው። ሻኩራ የለውም። እንደ ተራ ሰው ሰማሁትና ወደ ፊቱ መለስኩት።

ከዚያ እማሆይ አጸደ ቆሎና ጠላ አቀረቡልኝ። ለእትዬ ዘይነብ ግን ከሣጥኑ ጥግ አንዲት የስኳር ዕቃ አውጥተው ሻይ አፈሉላቸው። «እኔ ስኳር አልቀምስም። እሷ ጠላ አትጠጣምና ለእሷ ነው የማኖረው» አሉኝ። ሸክላዋን ልትወስጂ ነው ወይ ብለው ዘይነብን ጠየቁ። ዘይነብ አሰቡና ወደ ጨርቋ መልሰው ጠቀለሏት። «አንቺ ዘንድ ትቀመጥ። ይህ ሰውዬ ባለበት አገር ቤቴ አላኖራትም።» ሁለት ነጠላ፣ ዳዊቱ፣ ክዳኑ። ሣጥኑ ተዘጋ።

አራተኛው ቀን

ጠዋት መናኸሪያ ሊሸኙኝ የመጡት ሐያትና ድንቹ ናቸው። አያቷ ከበሉት የተረፈውን መልሰው፣ ጎዶሎውን ከገበያ ሞልተው፣ በዚያው ጆንያ ልከውልኛል፤ ያመጣሁትን ያህል አምስት ኪሎ። «የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብላለች» አለች ሐያት። ለእሳቸው ያመጣኋቸውን ሦስት ሸክላዎች ግን ተቀብለዋል፤ ማጫወቻ ባይኖራቸውም። ሊያጫውቷቸው ሳይሆን እኔ እንዳላጥባቸው ነው የወሰዷቸው ብዬ እጠረጥራለሁ።

የመልስ መንገዱ እንደ መሄጃው ነው፤ ይረዝማል፤ ጃንጥላ የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም።

ቤት እንደገባሁ ሠናይት ድንቹን አይታ በጉዞዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ረካች። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጥኩ። የፊቱን ዘፈን ሳልነካ፣ ሳላጸዳ፣ ከነጭርጭርታው ለቀቅኩት። ከሥሩ የዘፋኙን ስም ጻፍኩ፤ የባንዱን ጻፍኩ፤ ከዚያ «ቆርቆሮ፦ ወይዘሮ ዘይነብ» ብዬ ጨመርኩ። የበፊቱን ከነምስጋናው ከቻናሌ አነሣሁት። ተከታዮቼ ተቆጡ፤ ድምፁ ቆሽሿል፣ ሐኪሙ ሰነፈ አሉ። አንዱ የሙያ ባልደረባዬማ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቆርቆሮው ምቱን እንደሳተ በትክክል ደርሶበት፣ በነጻ ላስተካክለው ብሎ ጻፈልኝ። ትሑትና ቅን ሰው ነው፤ ቋንቋውም የኔው ነው። እምቢ አልኩት፤ ምክንያቱን ግን መጻፍ አፈርኩ።

ሐያትም ጻፈችልኝ። አባቷ ከወረታ መጥቶ ይቅርታ ጠይቋል። አሁን እቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ዘፈኑ ይከፈታል። አያቷ መግቢያውን አይሰሙም፤ በመግቢያው ጊዜ ወሬ ያወራሉ፤ ሻይ ይቀዳሉ። ሦስተኛው ስንኝ ሲቃረብ ግን እጃቸውን አንሥተው ቤቱን ሁሉ ጸጥ ያሰኛሉ። «ቆዩ፣ ቆዩ» ይላሉ፤ «አሁን… ይኸው! ሰማችሁ? ሳትሁ!»